የሚሟሟው ብረት

ጥቅምት 6

ለእህቴ ልጅ፣ ለዶክተር ምስጥ፤

ምስጥ ያልኩሽ መጽሐፍ ስትበዪ ስላደግሽ ነው። ዶክተር ያልኩሽ ደግሞ እናትሽ ከጎኔ ስላለች ነው። ሰላምታዬ መንገድ ሳይደክመው ካለሽበት ይድረስ፤ ፈጣሪ ከብርዱም ከክፉ ዓይንም ይሰውርሽ። እኔ ከአንድ እግሬ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ከአንድ እግሯ በቀር ደህና ናት።

አትደንግጪ፤ ተቀምጠሽ አንብቢ። የአዲሱ ፋብሪካ ማሽኖች ሲተከሉ ካላየሁ ብላ እናትሽ ወጥራ ያዘችኝ። "ልጄ የደከመችበት ብረት እዚህ ሊሠራ ነው፤ ቦታውን በዓይኔ ካላየሁ እህል አልቀምስም" አለች። ሞተር ሳይክሌ ላይ አፈናጠጥኳት። "ቀስ በል!" ትለኛለች፤ እኔ ስትጮህ ደስ ስለሚለኝ እጨምርበታለሁ። መታጠፊያው ላይ ጠጠር ፈሶ ነበር። ሞተሩም፣ እኔም፣ እሷም ተያይዘን ቦዩ ውስጥ ገባን። አንድ ሞተር፣ ሁለት ቅልጥም። የእሷም ቀኝ፣ የእኔም ቀኝ። ከስድቧ ብዛት አጥንቴ ይሁን ጆሮዬ የተሰበረው መለየት አቅቶኝ ነበር።

የአጥንት ሐኪሙ እብጠቱ ጎደል ሲል የሁለታችንም እግር ውስጥ አጥንት መያዣ ብረት እናስገባለን ብሏል። አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ከእናንተ ላብራቶሪ የመጣው፣ አጥንት ሲገጥም ራሱ ሟሙቶ የሚጠፋው ብረት እዚህ ሆስፒታል እየተሞከረ ነው። ለአንዱ እሱን፣ ለሌላው የድሮውን፣ በዕጣ ይሰጣሉ አሉ። ዕጣ ለባዳ ነው እንጂ ለእናት ምን ያደርጋል? እባክሽ አዲሱን ለእናትሽ አስደርጊላት። እኔ የኖርኩት ከቶርኖ፣ ከብረት መቅረጫው ጋር ነው፤ ለእኔ የድሮው ብረት ዘመዴ ነው። እሷ ግን ገና ሳይገባላት በክፍሉ ያሉትን በሽተኞች "የልጄ ሥራ እግሬ ውስጥ ሊገባ ነው" እያለች አደንቁራቸዋለች። የድሮው ቢደርሳት ሐፍረቱ ይገድላታል።

ደብዳቤውን የፋብሪካው መሐንዲስ ይዞልሻል፤ በየሳምንቱ ይመላለሳል። ያልደወልኩት እናትሽ ስልኩን ከነጠቀችኝ ስለማትመልስ ነው። መነጽሯም አብሮን ስለተሰበረ እንዳሻኝ እጽፋለሁ። ፋብሪካው ሲከፈት ማሽኖቹን እንድጠብቅ እኔን ሊቀጥሩኝ ነው። እንግዲህ አንቺ አለቃዬ ልትሆኚ ነው፤ ከአሁኑ ልስገድልሽ?

አጎትሽ ባለ ቶርኖው


ጥቅምት 14

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሁለታችሁንም መውደቅ ሰማሁ። ሕያው ያደረጋችሁ ይመስገን። እኔ ደህና ነኝ።

የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። ብረቶቹ በቀጭን ክር ታስረው፣ እንደ ሰው ገላ በሞቀ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥለዋል። በየጠዋቱ እያወጣሁ እመዝናቸዋለሁ፤ ስንት እንደ ጎደሉ እጽፋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ፋብሪካው ሲከፈት ንግግር እንዳደርግ የላብራቶሪያችን አለቃ፣ ፕሮፌሰሩ፣ መርጦኛል። የአካባቢው ልጅ ስለሆንኩ ነው አለ።

ስለ ጠየቁኝ ጉዳይ፣ ዕጣ መምረጥ አይቻልም። በሽተኛውም ሐኪሙም የትኛው ለማን እንደ ደረሰ እንዳያውቁ ነው ሕጉ፤ ብረቶቹም እንዳይለዩ አንድ ዓይነት ሽፋን ተደርጎላቸዋል። የድሮው ብረትም ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ቆሞ የሄደበት ነው። እማዬ የደረሳትን ትቀበል።

አደራ ጋሼ። ጨዋታዎን ስለማውቅ ነው። በዚህች ነገር ብቻ እጅዎን ይሰብስቡ። የተሰጣችሁን ተቀበሉ፤ አትምረጡ፣ አትለዋወጡ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 29

ለተከበረችው፣ ለማትቀልደው የእህቴ ልጅ፤

ጤናሽ እንደ ፊደልሽ የተስተካከለ ይሁን። "ጋሼ እጅዎን ይሰብስቡ" ያልሽውን ሳነብ ለአህያ "አትንከባለል" እንደ ማለት ሆኖብኝ ሳቅሁ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ቀን፣ ሳጂን የምላት ወፍራም ነርስ የሁላችንንም ሳጥን በትሪ ይዛ ገባች። ነጭ ወረቀት የለበሱ፣ ቁጥራቸው በክር የተንጠለጠለ ትናንሽ ሳጥኖች ናቸው።

"ሲስተር፣ እስቲ አንዴ ልያዘው" አልኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ እጅህ አያርፍም?"

"ነገ እግሬ ውስጥ ሊያድር ነው፤ ዛሬ ብንተዋወቅ ምን ይለኛል?"

ሳቀች። ሲጠሯት ትሪውን አልጋዬ ላይ ትታ ወጣች። ዕድሜዬን ብረት በእጄ ሳነሳ ሳስቀምጥ ነው የኖርኩት። የራሴን ቁጥር አነሳሁ፤ ላባ ነው። የእናትሽን አነሳሁ፤ ድፍን! ሽፋናችሁ ዓይን ቢያታልል መዳፍን መች ያታልላል? ያለ ሚዛን አወቅሁት፤ ቀላሉ፣ የሚሟሟው ለእኔ፤ ከባዱ፣ የድሮው ለእሷ ደርሷል። ዕጣ ደግሞ ምን ዓይነት ዓይነ ስውር ነው? ልጅ ትማራለች፣ ትደክማለች፣ ከዚያ ለእናት አሮጌ ብረት!

ሁለት ቋጠሮ ፈታሁ፣ ቁጥሮቹን አቀያይሬ ሁለት ቋጠሮ አሰርኩ። ሳጂን ስትመለስ ጣራ እያየሁ አፏጫለሁ።

ሁለታችንም ተሠራን። እኔ የድሮውን ተሸክሜ በክራንች እንጎራደዳለሁ። እናትሽ የልጇን ሥራ ይዛ ተኝታለች። ያደረግሁትን ሹክ ስላት፣ ያ ሁሉ የቦዩ ስድብ ተሰርዞልኛል። "አንተ ሌባ፣ ተባረክ" አለችኝ። አንቺም ምርቃትሽን ቶሎ ላኪ፤ እንዳይቀዘቅዝ።

አጎትሽ


ኅዳር 20

ለዝምተኛዋ ዶክተር፤

ሰላም ብያለሁ። መልሱን ግን መሐንዲሱ በልቶት ይሁን አንቺ ጋ ቀርቶ አላውቅም፤ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን መጣ። "ብዙ ሥራ አለባት" ይለኛል። ይሁን፤ የተቆጣሽኝ ከሆነ ተቆጪ፣ ግን ቁጣሽን በወረቀት አድርጊው።

የእኔ እግር እንደ ሰርገኛ ይራመዳል። ሐኪሙ ራሱ ይገርመዋል። የእናትሽ ግን አብጧል። በጣት ጫን ስትይው ከቆዳው ሥር እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። "ምን ይሆን?" ስላት "ሥራውን ጀመረ ማለት ነው፤ ልጄ የምትሠራው ነገር ዝም ብሎ አይቀመጥም" ትላለች። ያኮራታል እንጂ አያማትም፤ ቢያማትም ለእኔ አትናገርም።

አጠገቧ የተኛችው ልብስ ሰፊም እንዲሁ ሆናለች። ያቺም በዚያው ሙከራ የተሠራች ናት፤ ዕድሜዋም እንደ እናትሽ ነው።

መንኮሻኮሹ የሚጠበቅ ነው ወይ? አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ። ቀልድ አይደለም።

አጎትሽ


ኅዳር 30

ጋሼ፤

ይህን ለመሐንዲሱ አልሰጠሁም፤ በተራ ፖስታ ነው የላክሁት። ለምን ነኩት? አትንኩ አላልኩም?

ከባዱን ሳጥን ለእማዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን የዕጣው መዝገብ ውስጥ ገብቼ ቁጥሯን ለነባሩ፣ ለድሮው ብረት አደረግሁት። ቢታወቅብኝ የምሠራበት ቦታ አይኖርም።

አዲሱ ብረት ለወጣት አጥንት ደህና ነው። ዕድሜ ባሳሳው አጥንት ላይ ግን ይቸኩላል። አጥንቱ ሳይገጥም ይሟሟል። ሲሟሟ አየር ይተፋል፤ አየሩ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለየዋል፤ ከዚያ ይመግላል። በአሮጊት በጎች ላይ አይተነዋል። ፕሮፌሰሩ "በግ ሰው አይደለም" አለ። እኔም ዝም አልኩ። ራጃችሁ ሁሉ የሚነበበው እዚህ ነው፤ የማነበውም እኔ ነኝ። የእማዬን አየሁት።

ሳይውል ሳያድር ያስወጡላት። ሐኪም አዘዘ ይበሉ። የእኔን ስም አያንሡ።


ታኅሣሥ 11

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታውን እለፊው፤ እኔም አልፌዋለሁ።

ሐኪሙ ሳልነግረው ራሱ "ይውጣ" ብሏል። እናትሽ ጫማዋን ወረወረችበት። ገብቼ ለመንኳት።

"እህቴ፣ ይህ ነገር አልተስማማሽም። ይውጣልሽ።"

"ቅናት ነው" አለችኝ። "የድሮው ስለ ደረሰህ ነው።"

"እኔ ነኝ እኮ በገዛ እጄ የሰጠሁሽ!"

"ሰጥተህ ነዋ የቆጨህ።"

"እሺ እኔን ተይኝ፤ ሐኪሙስ?"

"ሐኪሙ ከልጄ ይበልጣል? ልጄ አስወጪው ካላለች ከእግሬ ጋር ነው የሚቀበረው።"

ሰማሽ? ያንቺ ቃል ብቻ ነው የሚያስወጣው። ብዙ አልጠይቅሽም። ገንዘብ አልልሽ፣ መድኃኒት አልልሽ። "እማዬ፣ ብረቱ አይረባም፤ አስወጪው" ብለሽ ጻፊ። እኔ አነብላታለሁ። በሰላሳ ዓመት ትምህርትሽ ከጻፍሽው ሁሉ አጭሩ እሱ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። የእናትሽን ቁጥር ልትቀይሪ ስትገቢ የእኔን ቁጥር አላየሽም? እኔም እኮ ጥርሴ ያለቀ ሽማግሌ ነኝ። ቀላሉ ሳጥን ለእኔ እንደ ወጣ አይተሽ ነው ያለፍሽው? ልብስ ሰፊዋንስ?

አጎትሽ


ታኅሣሥ 21

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። ለእማዬ ሞቃት ነጠላ ጫማና ፎቶግራፌን በመሐንዲሱ ልኬአለሁ። ይህን ግን እንደ ባለፈው በፖስታ ነው የምልከው።

የጠየቁኝን በጽሑፍ ማስፈር አልችልም። እንዲህ ያለ ወረቀት ከእጅዎ ቢወጣ ፋብሪካው አይከፈትም። ስንት ልጅ ሥራ እየጠበቀ እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ አንዱ ራስዎ ነዎት። ቀመሩን እያስተካከልነው ነው። የሚቀጥለው ዙር ለሽማግሌም ይሆናል።

ስለ እርስዎ ቁጥር ጠየቁኝ። አዎ፣ አይቼዋለሁ። ሁለት ቁጥር ብቀይር ይታወቅብኝ ነበር። አንዱን ብቻ መቀየር እችል ነበር፤ እናቴን መረጥኩ። እርስዎስ ቢሆኑ?

ትናንት ደወልኩላት። ፕሮፌሰሩ አጠገቤ ነበር። "ልጄ፣ ሥራሽ እግሬ ውስጥ ነው፤ አንቺስ ደስ አለሽ?" አለችኝ። "ደስ ብሎኛል፣ እማዬ" አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

እባክዎ እንደ ወንጀለኛ አይጻፉልኝ። ያንን ብረት እግሯ ውስጥ የከተትኩት እኔ አይደለሁም። እኔ አውጥቼላት ነበር። መልሰው ያስገቡት እርስዎ ነዎት።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 2

እውነት ነው። ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቦዩ ውስጥም የጣልኳት እኔ ነኝ። ስድብሽን ተቀብያለሁ፤ ከፈለግሽ ጨምሪበት።

አሁን ስሚ። ክፍሉ ይሸታል። ሳጂን መስኮት ትከፍታለች፤ እናትሽ "ብርድ ነው፣ ዝጊ" ትላለች፤ ሽታው ከእሷ እንደሆነ ያልገባት ትመስላለች። ጣቶቿ ጠቁረዋል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ስለ ብረቱ አያወራም፤ ስለ ጉልበቷ ነው የሚያወራው። ስልክ ካወራችሁ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ብሶባታል። ለገባ ለወጣው "ልጄ ደስ ብሏታል" ትላለች።

እውነቱን መጻፍ ካልቻልሽ ውሸት ጻፊ። ግድ የለኝም። ብቻ የሚያስወጣ ውሸት ይሁን።


ጥር 8

ለውድ እናቴ፤

እማዬ፣ ጋሼ ያንብቡልሽ። ጉልበትሽን እስማለሁ። ፈጣሪ ምርቃትሽን ከራሴ ላይ አያንሳው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቀየሚኝ። እግርሽ ውስጥ ያለው ብረት የእኔ አይደለም። የሙከራው ቁጥር ሁሉ እኔ ዘንድ ነው፤ አሁን ፊቴ ዘርግቼ እያየሁት ነው። ለአንቺ የደረሰሽ የድሮው ነው። ጋሼ ሳጥኖቹን የለወጡ መስሏቸው ነበር፤ በእጅ መመዘን ያሳስታል። የእኔ ሥራ ያለው ጋሼ እግር ውስጥ ነው። ስለዚህ ነው እሳቸው ቶሎ የዳኑት።

ያ አሮጌ ብረት ምንም አያደርግልሽም፤ አስወጪው እማዬ። ለእኔ ብለሽ አትያዢው። የእኔ አይደለም።

ልጅሽ


የካቲት 3

ለእህቴ ልጅ፤

ደህና መሆንሽን ፋብሪካው ሲከፈት በቪዲዮ ስትናገሪ በትልቁ መጋረጃ ላይ ስላየሁ አልጠይቅሽም።

ደብዳቤሽን እንደ መጣልኝ አነበብኩላት። መጨረሻው ላይ ስደርስ "ድገመው" አለችኝ። ደገምኩት። "ታዲያ የልጄ ሥራ አንተ እግር ውስጥ ነው?" አለች።

"አዎ" አልኩ። ዕድሜዬን ስቀልድ ኖሬ፣ ሳልስቅ የዋሸሁት የመጀመሪያው ነው።

"ሐኪሙን ጥራው" አለች። ፈረመች። ነገር ግን ጣቶቿን ብቻ ቆርጦ ለመተው ጊዜው አልፎ ነበር፤ ብረቱም እግሯም አብረው ወጡ። ከጉልበቷ በታች ነው የቆረጡላት።

ልብስ ሰፊዋን ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። ነገሩን ሳልጨርስ ተነስታ ሐኪም ጠራች። ብረቱ ወጣላት፤ እግሯ ተረፈ፤ እያነከሰች ቤቷ ገብታለች። ላብራቶሪ የምትሠራ ልጅ ስለሌላት ወዲያው አመነችኝ።

ከዚያ መሐንዲሱ አበባ ይዞ መጣ፤ ለእናትሽ መሰለኝ፣ ለእኔ ነው። "በአዲሱ ብረት ከታከሙት አዛውንቶች ሁሉ የእርስዎን ያህል የዳነ የለም" አለኝ። "የእህቴስ?" ስለው፣ "እሳቸው የነባሩ ብረት ናቸው፤ ያው ነባሩ እንዲህ ነው፣ ያሳዝናል" አለ። ያኔ ነው የገባኝ። የፈታኋቸው ሁለት ቋጠሮዎች እስከ እናንተ ወረቀት ድረስ ደርሰዋል። የእሷ መቆረጥ የድሮው ብረት ጥፋት ተብሎ ተጽፏል፤ የእኔ ጤና ያንቺ ብረት ድል ተብሎ ተጽፏል። እኔ ሳላውቅ ነው የጻፍኩት፤ አንቺ አውቀሽ አልሰረዝሽውም።

ፋብሪካው ሲከፈት መድረኩን ያለ ክራንች እንድወጣ ለመኑኝ። እምቢ ልል፣ እዚያው ሱሪዬን ጠቅልዬ ሁሉንም ላፈርጠው አስቤ ነበር። ግን እናትሽ በተሽከርካሪ ወንበር ከፊት ረድፍ ተቀምጣ ነበር። የተቆረጠውን በብርድ ልብስ ሸፍነን ነው ያመጣናት። ደረጃውን ስጀምር ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል "ቀስ በል አንተ! የልጄን ሥራ እንዳታጋጭብኝ!" ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺም በመጋረጃው ላይ ሳቅሽ። ያን ሁሉ ዓመት እየጮኸች አስቃኛለች፤ ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። ስድስቱንም ደረጃ ወጣሁ። አጨበጨቡ።

በነጋታው ሥራ ጀመርኩ። ለሁለት ቀን ማሽኑን ዘይት ቀባሁ፤ በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያዎቹ ብረቶች ሲወጡ አንዱን በመዳፌ ያዝኩት። ላባ ነው። አስቀምጬው ወጣሁ፤ አልተመለስኩም።

እናትሽ አሁን እኔ ቤት ናት። ከምሳ በኋላ "ና፣ ቁጭ በል" ትለኛለች። ወንበሬን አስጠጋላታለሁ። ቀኝ እግሬን አንስታ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እሷ የሌላትን። ቅልጥሜን በመዳፏ እየዳበሰች ታናግርሻለች። "በርቺ ልጄ፣ ደህና ያዢው" ትላለች። አንዳንዴም ቀና ብላ "ሟሙቶ ሊያልቅ ምን ያህል ቀረው? ሲያልቅ እንዳላጣት" ትለኛለች። እዚያ ውስጥ ያለው ብረት ከእኔ ጋር መቃብር የሚወርድ፣ ለእሷ የመረጥሽው ያ ከባዱ ነው። "ገና ነው፣ አታልቅም" እላታለሁ።

ይህን ስጽፍልሽም እጇ እግሬ ላይ ነው። ላነሳው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ከእንግዲህ በመሐንዲሱም በፖስታም አትጻፊ። ነይና አንቺ አንሺው።

አጎትሽ